«ደህና ነኝ» የማይል ዘበኛ

ምርቃት እንወዳለን። ሪባን ተወጥሮ፣ መቀስ በሰሃን ላይ ተጋድሞ ሲመጣ ካየን ልባችን ይሞቃል፤ እናጨበጭባለን፣ ፎቶ ውስጥ ለመግባት እንጋፋለን። የተመረቀውን ነገር በማግስቱ ማን እንደሚያጥበው፣ ቢታመም ማን እንደሚጠይቀው፣ ቢሞት ማን እንደሚቀብረው ግን አንጠይቅም። የሠርጉን ድግስ በልተን ሙሽሮቹን ጎዳና ላይ ትተናቸው እንደ መሄድ ያለ ነገር ነው። ስንት የውሃ ቦኖ፣ ስንት የመንገድ መብራት፣ ስንት የሕዝብ መጸዳጃ በጭብጨባ ተወልዶ በዝምታ እንደሞተ እናንተም በየሰፈራችሁ ታውቁታላችሁ። ለመጥረጊያ ሪባን የሚቆርጥ የለም።

እኔ ገመድና ሸራ ነጋዴ ነኝ። ክረምት ሲገባ የሌላው ፊት ሲጠቁር የእኔ ይፈካል፤ ጣራው ያፈሰሰበት፣ ዕቃው የረጠበበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። በሰው መርጠብ እንጀራ መብላት ደስ አይልም፤ ሐኪምስ በምን ይበላል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ሱቄ ከመሳለሚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ ነው። ከላዩ አንዲት የእንጨት ክፍል አለችው። ቁልቁለቱ የሚያልቅበት፣ የሰፈሩ ትልቅ ቦይ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ደግሞ የጋሽ ሰይድ ፍራሽ መስፊያ ቤት ነበር።

ጋሽ ሰይድ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ጥጥ እያባዘቱ ፍራሽ ሲሰፉ የሸመገሉ ሰው ናቸው። ጺማቸው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ሽበት ይሁን ጥጥ ለይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ከመስፊያው ጀርባ ባለችው ክፍል ይተኛሉ። አንድ ጎናቸው ከደነዘዘ ዓመታት አልፈዋል፤ ምላሳቸው ግን አልደነዘዘም። ደንበኛ ዋጋ ሲከራከር ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ተወው ሰይድ፤ ሰውየው መሬት መተኛት ናፍቆት ይሆናል» ይላሉ። ሰውየውም አፍሮ ይከፍላል። ብዙዎቻችን የፍራሽ ቤቱ ነጋዴ ማን እንደሆነ የምናውቀው ከዚያ ነበር።

የእኛ ሰፈር ጎርፍ ተንኮለኛ ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ወጥታ ልብስ እየደረቀ፣ ላይ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ይጠቁራል፤ እዚያ ዘንቦ ያባራል፤ ከዚያ አንድ ጠብታ ሳናይ ቦዩ ሞልቶ ይመጣል። ውሃ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። የአትክልት ተራን ጎመን፣ የጋራዡን ዘይት፣ የሰዉን ሁሉ ጉድ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጋሽ ሰይድ ክረምት ከገባ እስኪወጣ በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው ወደ ሰሜን ያያሉ። መርፌያቸው ጨርቁ ላይ ነው፤ ዓይናቸው ተራራው ላይ። እትዬ ዘሀራን ተሸክሞ ለማውጣት ጊዜ ያስፈልጋላ። በዚህ ምክንያት ጁምዓ መስጊድ መሄድ ትተው ነበር። በሽተኛ የሚጠብቅ ሰው ቤቱ ቢሰግድ ይፈቀድለታል ብለው የመስጊዱ ሸህ ነግረዋቸዋል። መፈቀዱን ያውቃሉ፤ ናፍቆቱ ግን አልቀረላቸውም። ዓርብ ቀትር ላይ ሰዉ መስገጃውን ጠቅልሎ በፊታቸው ሲያልፍ አንገታቸውን ደፍተው ጥጥ የሚያባዝቱበት ጉልበት ሌላ ቀን አይታይባቸውም።

እንግዲህ በዚህ ሰፈር ነው ሪባን የመጣው። አንድ ፕሮጀክት ነው ተባለ። ምሳ ዕቃ የሚያክሉ ሳጥኖች ከላይ እስከ ታች በየርቀቱ ቦዩ ውስጥ ተሰቀሉ፤ የውሃውን ከፍታ እየለኩ ያለ ሽቦ፣ በአየር፣ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ እኔ ጣራ ላይ ወደተተከለው አንቴና ይልካሉ። አንቴናው ደግሞ ወደ ስልካችን መልእክት ይልካል። መልእክቱ ሁለት ዓይነት ነው። ጠዋት ጠዋት «ደህና ነኝ»፤ ጎርፍ ሲነሳ «ውሃ እየመጣ ነው»። ባለሥልጣናቱ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ቦዩ ላይ ሪባን ቆረጡ። ሰፈሩ ለነገሩ የራሱን ስም አወጣለት፤ ዘበኛው አልነው።

ዘበኛውን የተከለችው ኢንጂነር ሶስና የምትባል ቀጭን ሴት ናት። ዕድሜዋ ከሠላሳ ብዙም አይርቅ፤ ቦቲ ጫማ አድርጋ ቦይ ውስጥ ስትገባ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይመለከታል፤ ስትወጣ ግን የሚጠጋት የለም። ሽታው ነዋ። እሷ ደንታም አልነበራት።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ዘበኛው ሥራውን አሳየ። ፀሐይ ወጥታ ሳለ ስልካችን ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። የሰፈሩ ተሸካሚዎች እትዬ ዘሀራን ከነፍራሻቸው አንስተው እኔ ፎቅ አወጧቸው፤ ጥጡም ወጣ፤ ከዚያ ውሃው መጣና ባዶ ቤት አግኝቶ ሄደ። ጋሽ ሰይድ ያን ቀን የማያምን ሰው ሆነው ቦዩን ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ዋሉ። በሚቀጥለው ዓርብ ፂማቸውን አበጥረው፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ስልካቸውን ለእኔ ሊሰጡኝ መጡ። ጁምዓ ሊሰግዱ ነው። ከጮኸ ሮጠህ ድረስላት አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩን መስጠትም ተዉ፤ የእኔም እኮ ይጮኻል። ሌሊት በርጩማ ላይ መቀመጥም ቀረ። እትዬ ዘሀራ ሶስና ልትጠይቃቸው ስትገባ ስሞታ አቀረቡ፣ «ይኸ ዘበኛሽ ከመጣ ሰውዬው ማንኮራፋት ጀምሯል። እሱ ተኛ፣ እኔ ነቃሁ። ወይ ለማንኮራፋቱም አንድ ሳጥን ስቀዪልኝ።»

ሶስና ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

መትከል ቀላል ነው፤ ማኖር ነው ጭንቁ። የመርካቶን አይጥ ታውቋታላችሁ፤ ድመት አይታ መንገድ የምትለቅ አይደለችም። የሳጥኖቹን የባትሪ ሽቦ ቀረጠፈችው። አንድ ጎረቤት በርበሬ ቀቡት ብሎ መከረ፤ ተቀባ። በርበሬ ተራ ላደገች አይጥ ማጣፈጫ ሆነላት። በበጋ ደግሞ ከፀሐይ ኃይል የሚቀዳው መስተዋት አቧራ ይለብሳል፤ ርግብ ትጨምርበታለች። ባትሪው በሙቀት ያብጣል፤ በክረምት ውስጡ ይዝጋል። አንዱ ሳጥን ጭራሽ ጠፋና ሶስና ምናለሽ ተራ፣ አሮጌ ዕቃ መሐል ተደርድሮ አገኘችው። ምን ይሠራል ብላ ብትጠይቅ ሻጩ፣ «ሁሉንም ይሠራል እህቴ» አላት። የገዛ ሳጥኗን ገዝታ ተመለሰች። ሌላ ጊዜ ፌስታል ዓይኑ ላይ ተለጠፈበትና በጥር ፀሐይ «ውሃ እየመጣ ነው» አለ። ጋሽ ሰይድ ተሸካሚ ጠርተው፣ እትዬ ዘሀራን አስነስተው፣ ደረቅ በደረቅ ፎቅ አወጧቸው። እትዬ ዘሀራም ሽርሽር ከሆነ ቀደም ብለህ ንገረኝ፣ ሻሼን አስተካክል ነበር ብለው ሰፈሩን አሳቁ።

ከዚያ ፕሮጀክቱ አለቀ። ፕሮጀክት መቼም እንደ ፆም ነው፤ የሚያልቅበት ቀን ሲገባ ነው የሚታወቀው። መኪናው መምጣት አቆመ። ሶስናም ሌላ ቦታ ተቀጠረች። ነገር ግን እሑድ እሑድ በታክሲ ትመጣለች፤ ቦቲዋን በፌስታል ይዛ። ከላይ እስከ ታች ትወርዳለች፣ ታጥባለች፣ ታስራለች፣ ትቀይራለች። አንድ ቀን ማን ይከፍልሻል ብዬ ጠየቅኳት። ማንም አይከፍለኝም አለች። ታዲያ ለምን ትመጫለሽ ብላት፣ ጋሽ ሰይድ በርጩማቸውን ከበር ላይ አንስተዋል እኮ አለችኝ። ቦቲዋን አጠለቀችና ቦዩ ውስጥ ገባች።

የመልእክቱን ሒሳብ የሚከፍለው ግን ፕሮጀክቱ ነበር። እሱ ሲቀር መዋጮ ለመነጋገር እኔ ሱቅ ተሰበሰብን። አንዱ ጎረቤታችን፣ ባለ ብረት ሱቁ፣ በየማለዳው «ደህና ነኝ» ለሚል ሳጥን ብር መክፈል ከጅልነት አይለይም አለ። እኛ እንኳ እርስ በርሳችን በነፃ ነው እንዴት አደርክ የምንባባለው፤ ጎርፍ ሲመጣ ይናገር፣ ደህና ሲሆን ዝም ይበል። ሁላችንም ሳቅን። ትክክል መሰለን። ሶስና አልሳቀችም። ዝም ያለ ሁሉ ደህና አይደለም አለች፤ ግን ለማስገደድ አቅም አልነበራትም። እኔ እሑድ እሑድ አየዋለሁ ብላ ተስማማች። እንዲህ ሆኖ ሰላምታው ተቆረጠ። ሰላምታ ጌጥ ይመስለናል፤ ገንዘብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሸጠው ደግሞ ጌጥ ነው።

ቀጥሎ ፎቅ መጣ። ከቦዩና ከእኔ ጣራ መሐል አሮጌዎቹ ሱቆች ፈርሰው አንድ ትልቅ ሕንፃ ማደግ ጀመረ። በየወሩ ሲወጣ የሳጥኖቹ ድምፅ እየደከመ ሄደ፤ ብረትና ሲሚንቶ መሐል ገባበታ። ሶስና ይህን ባወቀች ዕለት በቀጥታ ወደ ጋሽ ሰይድ ወረደች። እኔም ተከተልኳት። ዘበኛው አሁን የሚታመን ስላልሆነ እስካስተካክለው ድረስ ሰማዩን ራስዎ ይጠብቁ አለቻቸው። ጋሽ ሰይድ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ቀና አሉ።

«ጁምዓዬን መለስሽልኝ፤ አሁን ደግሞ ልትወስጂብኝ መጣሽ?»

«አልወስድብዎትም ጋሼ። ትንሽ ጊዜ ብቻ ይስጡኝ።»

በዚያው ዓርብ በርጩማው በር ላይ ነበር። ሶስና የሕንፃውን ባለቤት ልታነጋግር ተመላለሰች፤ ጣራው ላይ አንዲት ትንሽ ድምፅ የምታቀብል ሳጥን ለመስቀል ነው ብትል የሕንፃው ዘበኞች አላስገቧትም። በመጨረሻ ፎርማኑ አዘነላትና ከውጭ በኩል፣ ሠራተኞቹ በሚወጡበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ እንድታስር ፈቀደላት። አሰረችው። ሠራ። ቦዩ ውስጥ ባልዲ ውሃ አስደፍታ ፈተነችው፤ ስልካችን ጮኸ። ጋሽ ሰይድም ጀለቢያቸውን ለበሱ።

የመርካቶ ሰው ሕንፃ ሲያልቅ መወጣጫ እንደሚፈርስ ያውቃል። ሶስናም ታውቃለች፤ ከዚያ በፊት ንገሩኝ ብላ ለፎርማኑ ስልኳን ሰጥታው ነበር። ሆኖም ፎርማኑ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ፤ የተተካው ሰውዬ አያውቃትም። ልስኑ አለቀና በሳምንቱ መሐል፣ ከእሑድ ርቆ፣ መወጣጫው ወረደ። ሳጥኗም ከባሕር ዛፉ ጋር ተጭና ሄደች። ማንም ክፉ አልሠራም። ዘበኛው ደንቁሮ ዝም አለ፤ እኛም ዝምታውን ሰላም ብለን ተረጎምነው። ያቺ የጠዋት ሰላምታ ብትኖር ኖሮ በማግስቱ መቅረቷን አንድ ሰው አይቶ በጠየቀ ነበር።

ዓርብ ቀትር ላይ ነው። ፀሐይ ነበረች። ለአንድ ደንበኛ ሸራ እየለካሁ ሳለ ከላይ በኩል የሚንሿሿ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀና ስል ቦዩ አፉ ድረስ ሞልቷል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ስልኬን አየሁ። ዓይኔ ውሃ እያየ ስልኬን ጠየቅኩ። ስልኬ ምንም አላለም። ለቅጽበት ዓይኔ ተሳሳተ እንዴ ብዬ ቆሜያለሁ። ከዚያ ነው ሸራውን ጥዬ ቁልቁል የሮጥኩት፤ ተሸካሚዎቹንም እየጠራሁ።

ከእኛ ውሃው ቀደመ። የመስፊያው በር አልከፈት አለ። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? እንደ ግንብ ይከብዳል። የጋሽ ሰይድ ጥጥ ሁሉ አብጦ በሩን ከውስጥ ተደገፈው። ተሸካሚዎቹ ዞረው የጀርባውን ቆርቆሮ በዲጂኖ ገነጠሉት። እትዬ ዘሀራ ፍራሻቸው ላይ ነበሩ፤ ፍራሹ እስከ ግማሽ ሰጥሞ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ደህናው እጃቸው የመስኮቱን ብረት ይዟል። ከአንገት በታች ጭቃ ናቸው። ሳነሳቸው በጆሮዬ፣ «የሰይድ ፍራሽ ይንሳፈፋል ብዬ አስቤ አላውቅም» አሉኝ። ድምፃቸው ግን ድምፅ አልነበረም። ያንን ውሃ ውጠውታል።

ጋሽ ሰይድ ከመስጊድ ሲመለሱ ባለቤታቸውን በተሸካሚ ጀርባ ላይ አገኟቸው። አልጮኹም። መስገጃቸውን ፈትተው አለበሷቸውና ወደ ሐኪም ቤት አብረው ሮጡ። የእትዬ ዘሀራ ሳምባ ተመታ አሉን። ለጥቂት ቀናት ኦክሲጅን ላይ ቆዩ፤ ነርሷን ሳይቀር ሁለቴ አሳቋት ብለውኛል። ከዚያ አረፉ።

ድንኳኑ ቁልቁለቱ መሐል ተተከለ፤ ሸራው የእኔ ነው። ሶስና መጥታ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀመጠች። ያናገራትም የወቀሳትም የለም፤ ምናልባት ቢወቅሷት ይሻላት ነበር። በማግስቱ ከተቀመጠችበት ተነስታ ጠፋች። ለካ ወደ ሕንፃው ሄዳለች። ሞት የማይከፍተው በር የለምና አሁን የሚከለክላት አላገኘችም፤ ጣራው ላይ፣ መወጣጫ በማይነካው ቦታ፣ አዲስ ሳጥን ሰቅላ አበራችው።

እኛ ድንኳን ውስጥ ነን። ሸሁ ዱዓ ጨርሰው ሰዉ እጁን ፊቱ ላይ እያሳለፈ ነው። በዚያ መሐል ስልካችን ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ፤ የእኔ፣ የባለ ብረት ሱቁ፣ የሁሉም። «ውሃ እየመጣ ነው።» ሳጥኖቹ ያን ዓርብ የሚያቀብላቸው አጥተው ይዘውት የቆዩት መልእክት ነበር፤ መንገዱ ሲከፈት ተንደርድሮ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኔ ግን ተረት ሆኖ አልታየኝም። ጋሽ ሰይድን እያየሁ ነበር። ስልካቸው ሲጮኽ ብድግ አሉ። ጫማቸውን እንኳ ሳያጠልቁ ወደ ጓዳቸው በኩል ሦስት አራት እርምጃ ሄዱ፤ ተሸካሚ ሊጠሩ እጃቸውን አነሱ። ከዚያ ቆሙ። እጃቸው እንደተነሳ ቀረ። አንድ ሰው ተነስቶ ይዞ አስቀመጣቸው።

ሶስና ምንም ሳታውቅ እጇን እየጠረገች ገባች። ፊታችንን አይታ የሁላችንንም ስልክ አየች። ገባት። ጋሽ ሰይድ በእጃቸው ጠቅሰው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ደርሶናል ልጄ» አሏት። «ዘግይቶም ቢሆን ደርሷል።»

እሷ ስታለቅስ ሐዘንተኛው አጽናኝ ሆኑ። ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ፣ «ስንት ጁምዓ ሰጥተሽኛል፤ እሱን አልክድም» ሲሉ ሰማሁ። ይቅርታ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከዚያ የከበደ ነገር በሰው ጀርባ ላይ ሲጫን አላየሁም፤ የምኖረው ደግሞ ተሸካሚ በሞላበት ሰፈር ነው።

ፍራሽ መስፊያው ተዘጋ። ጋሽ ሰይድን ልጃቸው ሐያት ከከተማ ዳር ወዳለው ኮንዶሚኒየሟ ወሰደቻቸው፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ የኖኅ ውሃ ካልመጣ በቀር የሚደርስባቸው የለም። ሶስና ዛሬም እሑድ እሑድ ትመጣለች። የጠዋቷን ሰላምታ መልሳ አስገብታዋለች፤ መዋጮ ሲጠየቅ ባለ ብረት ሱቁ ሳይናገር ቀድሞ ይሰጣል። በቅርቡም አዲስ ሰዎች መጥተው ቦዩን ፎቶ አነሱ፤ ሌላ የሚበልጥ ነገር ሊተከል ነው ይላሉ። ምርቃት አለው። ስለ አይጧ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

ባለፈው ሰኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ስልኬ ጠራ፤ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ዘወትር ይደውላሉ፤ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር። እዚህ የሚረጥብባቸው አንዳች ነገር የላቸውም፤ ቤቱ የለ፣ ጥጡ የለ፣ እሳቸው የሉ። ከሰላምታ በኋላ ስለ ቦዩ ጠየቁኝ። ዛሬ ጠዋት «ደህና ነኝ» ብሏል ጋሼ፣ ለእርስዎም ደርሶ የለም እንዴ አልኳቸው።

«ደርሶኛል። እሱን አላልኩህም» አሉ። «አንተ አይተኸዋል ወይ?»

ደንበኛ ይጠብቀኛል፤ ጉልበቴም እርጥበት ሲሸተው ያመኛል። ስልኩን ሳልዘጋ ጥላዬን አንስቼ ቁልቁል ወረድኩ።